ውበት ለሐሰት ጠበቃ ሲቆም

አንድ የጥበብ ሥራ ውብ ስለሆነ ብቻ የተናገረው ሐሰት ይቅር ሊባልለት ይገባልን? ጥያቄውን በታወቀ ምሳሌ ላይ ብንመረምረው ይሻላል። ምሳሌያችን ከማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1939 ለዕይታ የበቃው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው የአሜሪካ የፍቅር ፊልም ነው።

የፊልሙ ዓለም የደቡብ ባላባቶች ዓለም ነው። በ1860 በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በባርነት ቀንበር ሥር ይማቅቅ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ አናይም። የምናየው እመቤቷን እንደ ልጇ የምትወደውን ማሚንና በጥፊ ስትመታ እንኳ ተመልካች እንዲስቅባት የተፈጠረችውን ፕሪሲን ነው። ማልኮም ኤክስ ይህንን ፊልም በልጅነቱ ሲያይ የተሰማውን እፍረት በሕይወት ታሪኩ ገልጾታል።

እመቤቲቱ ስካርሌትም ብትሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። ባሏ እየታገለችው በግድ ተሸክሟት ደረጃውን ይወጣል፤ በማግስቱ ጧት ግን ደስ ብሏት እያንጎራጎረች ትታያለች።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ሐሰቶች አንድ ናቸው፤ የተገዛ ሰው መገዛቱን ይወደዋል ይላሉ። ይህ ተራ ስሕተት አይደለም። የተገዛውን ሰው ምስክርነት አስቀድሞ የሚነጥቅ ነው፤ «እምቢ» ቢል እንኳ ልቡ «እሺ» ብሏል ተብሎ ይተረጎምበታልና።

እውነቱ ግን ከፊልሙ ውጭ ተገልጧል። ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በጆርጂያ የዘር ልዩነት ሕግ ምክንያት በአትላንታው ምረቃ አልተገኘችም። በ1940 ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስትሆንም የተቀመጠችው ከባልደረቦቿ ተለይታ ነበር። ፊልሙ በፍቅር አንድ ቤተሰብ ያደረጋቸውን ሰዎች አዳራሹ በአንድ ጠረጴዛ አላስቀመጣቸውም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አይቋጭም። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ ይህንኑ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እስረኛ ከባሪያ አሳዳሪዎች ናፍቆት ውስጥ ተስፋን መቅዳት ከቻለ፣ መጽሐፉም ሆነ ፊልሙ ሐሰት ብቻ ነው ልንል አይቻለንም።

እንግዲህ መከልከል መልስ አይሆንም። በ2020 ኤችቢኦ ማክስ ፊልሙን ለጥቂት ጊዜ አንሥቶ ከማብራሪያ ጋር መልሶታል። ማብራሪያው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ማብራሪያ የራሳችንን ጥያቄ አይተካልንም። ነገ ለእመቤቲቱ ሌላ ቀን ከሆነ፣ ለፕሪሲስ ምን ቀን ነው? ይህን መጠየቅ ውበቱን አያጠፋብንም፤ ሐሰቱን ግን ሳናውቅ እንዳንወርሰው ይጠብቀናል።