ስለ ልጆች ጥርስና ለሰው ፊት ስላለማድላት

የጋራ ገንዘብ ለሁሉ በማይዳረስበት ጊዜ ለማን ይሰጥ፣ ለማንስ ይከልከል የሚለው ጥያቄ የሥነ ምግባር ሊቃውንትን ከጥንት ጀምሮ ሲያሳስብ ኖሯል። ዛሬ ይህን ጥያቄ የምንመለከተው ትንሽ በሚመስል ነገር፣ ይኸውም በልጆች ጥርስ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የተዛባ ጥርሱ በመንግሥት ወጪ ይቃናለት ዘንድ ሲጠየቅ፣ ሐኪሙ የሚወስነው በመለኪያ ነው። መለኪያውን በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ብሩክና ሾው የተባሉ የጥርስ ሕክምና ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ የጤና አገልግሎት ውል ውስጥ ገብቷል። ችግሩ ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይከፈላል። 4ኛና 5ኛ ደረጃ የተሰጣቸው ይታከማሉ፤ በ3ኛው ላይ የሚገኙት ግን ከ10 ፎቶግራፎች ጋር ተነጻጽረው የጥርሳቸው መልክ 6ኛውን ወይም ከዚያ የባሰውን ሲመስል ብቻ ነው። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ከ6 ሚሊሜትር በላይ ወደ ፊት ቢወጣ 4ኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ልክ 6 ቢሆን ግን ወደ 3ኛ፣ ከንፈሩ ያለ ጭንቅ የሚገጥም ከሆነም ወደ 2ኛ ይወርዳል።

ከፀጉር ባልወፈረ ልዩነት ልጁ የተከለከለበት ወላጅ ቢቆጣ አንፈርድበትም። ነገር ግን መለኪያው ባይኖር የሚቀድመው አባቱ አንደበተ ርቱዕ የሆነው፣ እናቱ ከሐኪሙ ጋር የምትተዋወቀው ልጅ መሆኑ አይቀርም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የጋራ ሀብትን በማከፋፈል ፍትሕ አንጻር ያቆመው ኃጢአት ለሰው ፊት ማድላትን ነው። ሚሊሜትር የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። እርግጥ፣ በ2ኛ ደረጃ ያለ ልጅ በትምህርት ቤት ሲፌዝበት መዋሉንም አይጠይቅም፤ ይህ ጉድለቱ ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሁለተኛው በር ነው። ሽቦው በጥርስ ላይ ሲታሰር ምግብ ይይዛል፤ በሚገባ ያልተቦረሸ ጥርስም በሥሩ ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሙ የበሰበሰው ሳይታከምና ልጁ አፉን በንጽሕና መጠበቅ ሳይለምድ ሕክምናውን አይጀምርም። በዚህም ትክክል ነው፤ ሊጠቅም ሽቶ ሊጎዳ አይገባውምና። ሆኖም የጥርስ መበስበስ በዚያም አገር በድኻ ቤት ይበዛል። እንግዲህ በመጀመሪያው በር ያለ አድልዎ የገባው ልጅ በሁለተኛው በር የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በቤቱ ችግር ምክንያት ነው። ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምትተኛ እናት ልጇ ጥርሱን መቦረሹን በምን ጊዜ ትቆጣጠር?

እንደ እኛ አስተያየት ለሽቦው የሚከፍል ሕዝብ ለዚህ ልጅ የሚያስተምርና የሚከታተል ሰውም ሊከፍልለት ይገባል። በ13 ዓመቱ «አፍህን አጽድተህ ተመለስ» የተባለ ልጅ፣ ማንም ሳይከተለው 18 ዓመት ሊሞላው ይችላል።