እንክብል ውጦ ንስሐ የለም

ስማ፣ የወንድሜ ልጅ! 45 ዓመት አልፎሃል፤ እንደ ሕፃን የሚያባብልህ አትፈልግ።

ቅዳሜና እሑድ እዚያ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁርጥህን ቆርጠህ፣ ውስኪህን ደጋግመህ፣ ሰኞ ጠዋት ያንን ፕሮባዮቲክ የሚሉትን እንክብል ትውጥና የተጣጠብህ ይመስልሃል። «የአንጀት ካንሰር ይከላከላል» አልከኝ። ማን አለህ? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ብሎ ያጸደቀው አንድም ፕሮባዮቲክ የለም። ሻጩ እንኳ ዕቃው ላይ እንዲያ ብሎ ቢጽፍ በሕግ ይጠየቃል። እሱ ያልደፈረውን አንተ አወጅክለት!

ደግሞስ እንክብሉ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ውጠህ ምን ልታበላው ነው? በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ሳይፈጭ በሚደርሳቸው አሰር ነው። እሱን አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ቀለብ ይኸው ነው። በ2015 በታተመ አንድ ጥናት 20 የፒትስበርግ ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሰር የበዛበትን የገጠር ምግብ የበሉት አሜሪካውያን ቡቲሬታቸው ጨመረ፣ የአንጀታቸው ብግነት ቀነሰ፤ ሥጋና ስብ የቀረበላቸው አፍሪካውያን ተገላቢጦሽ ሆነባቸው። በሁለት ሳምንት ማን ካንሰር እንደሚይዘው አይታወቅም፣ እሱን አልዋሽህም። ለውጡን ያመጣው ግን ገበታው ነው፤ እንክብል የዋጠ አልነበረም።

«እንጀራም የቦካ ነው» እንዳትለኝ። እርሾው ምጣድ ላይ ይሞታል፤ የሚጠቅምህ የጤፉ አሰር ነው፣ እሱም ምስርና ጎመን ሲጨመርበት።

ሌሊት ከሥራ ስትወጣ የምትገምጠው ሆት ዶግስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። መጠጡም ከአምጪዎቹ አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ይቅር። እኔን ያንገበገበኝ ደሙ ነው። ሰገራህ ላይ ደም እያየህ «ኪንታሮት ነው» ብለህ ከሚስትህ ደብቀህ ስንት ወር ተቀመጥክ! ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ያንተ እፍረት አይደለም። ብላክ ፓንተር ፊልም ላይ ያየኸው ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 በአንጀት ካንሰር ሲሞት ገና 43 ዓመቱ ነበር። ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ተነሥቶ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በኮሎኖስኮፒ ከተገኘ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። በምትኖርበት አገር ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው እንኳ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ እንዲመረመር ይመከራል፤ አንተ ደም እያየህ ምን ትጠብቃለህ?

ዛሬ ማታ ለሚስትህ ንገራት። ሰኞ ሐኪምህ ጋ ደውል፤ ደሙን ሳትሸፋፍን ተናገር። ለምርመራው ማደንዘዣ ከሰጡህ ወደ ቤት የሚመልስህ ሰው አምጣ ይሉሃል፤ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፣ ቀኑን ብቻ አሳውቀኝ።