ባላውን የሚተክልና የሚንጠለጠል

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ምስጥ የበላው እንጨት ቀን ጠብቆ እንደሚከዳ ያየ ሰው ምክር ነው። ዛሬ ከደመወዙ ጎን ሱቅ የሚከፍት ሁሉ ይጠቅሰዋል።

ተረቱን አጥብቆ የሚፈትነው ሲዳርታ ጎተማ ይመስለኛል፤ ቡድሃ የተባለው። የሻክያ መሳፍንት ልጅ ነበር፤ ቤተ መንግሥት፣ ሚስት፣ ገና የተወለደ ልጅ ነበረው። ባላ ከተባለ ሁሉም ተተክሎለታል። በ29 ዓመቱ አንድ ሌሊት ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ቡድሂስቶች እንደሚተርኩት፣ ከመውጣቱ በፊት የሚስቱን መኝታ ቤት ከፈተ። የዘይት መብራት በርቷል። እናትየው እጇን ሕፃኑ ራስ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ልጁን ሊያቅፈው አማረው፤ ግን እጇን ቢያነሳ ትነቃለች፣ ከነቃች ደግሞ መሄዱ ይቀራል። ከደፉ ሳያልፍ አይቷቸው ተመለሰ።

ታሪኩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ለአፄ ገላውዴዎስ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋስፍ መጽሐፍ፣ መሠረቱ የዚሁ ልዑል ሕይወት ነው። አገር ላገር፣ ቋንቋ በቋንቋ ሲዞር ቆይቶ ክርስቲያን ሆኖ ደረሰልን።

ቡድሃ በኋላ ያስተማረው ተረታችንን የሚገለብጥ ይመስላል። ባላ ሁሉ ይሰበራል፤ ሁለትም ተከልክ አሥር፣ ሥቃይህ ከመንጠልጠልህ ነው። ይሁንና ሲጋላ ለተባለ ጎልማሳ ባለትዳር የመከረውን ስናይ ነገሩ ይለወጣል። ሀብትህን አራት ቦታ ክፈል ይለዋል፦ አንዱን ኑርበት፣ ሁለቱን ሥራህ ላይ አውል፣ አራተኛውን ለክፉ ቀን አስቀምጥ። ያሳደጉህን ወላጆችም ጡር ይላል። ይህ እኮ ያው ሁለተኛው ባላ ነው! እንግዲህ ቡድሃ ትከል የሚለውን አልጠላም፤ የጠላው ተንጠልጠል የሚለውን ነው።

ግን ሕይወት እዚህ ላይ ትከራከራለች። ራሷ ባላ የሆነች ሰውስ? ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች ወንድሞቿን የምታስተምረውን፣ የእናቷን የቤት ኪራይ የምትከፍለውን እህት «ልቀቂ፣ ተዪው» የሚላት ማን ነው? ግዴታዋን ብትለቅ የሚወድቁት ሌሎች ናቸው። መልቀቅ የምትችለው ሌላ ነገር አለ፤ «እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ» የሚለውን ሒሳብ። ገንዘቡን እየላኩ ውለታውን የሚቆጥሩ፣ ወንድማቸው ማንን እንደሚያገባ ጭምር በስልክ የሚወስኑ ሰዎችን እናውቃለን። መሥዋዕትነታቸው እውነት ነው፤ እጃቸው ግን አልተፈታም። ከባዱ ልምምድ ይህን ሒሳብ መልቀቅ ነው እላለሁ፤ በረሃ ከመግባት ይከብዳል።

የልዑሉን አወጣጥ ግን ዝም ብዬ አላጸድቅም። ዕዳው የተከፈለው ከማን ኪስ ነው? ቡድሂስቶች ራሳቸው ጥያቄው አላመለጣቸውም። በላኦስና በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በየዓመቱ በሚነበበው፣ የቡድሃ ያለፈ ሕይወት በሚባለው የልዑል ቬሳንታራ ታሪክ ላይ፣ ልዑሉ ሁለት ልጆቹን ለአንድ ሽማግሌ ብራህማን ይሰጣል፤ ሽማግሌው እየገረፈ ይነዳቸዋል። ንጉሥ ሚሊንዳ «ይህ ምን ዓይነት ልግስና ነው?» እያለ መነኩሴውን ናጋሴናን እንደሞገተው በጥንት መጽሐፋቸው ሰፍሯል። የናጋሴና መልስ ረጅም ነው፤ እኔን አላሳመነኝም።

የሚያሳምነኝ የአያትየው ሙግት ነው። ቡድሃ ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሹ ልጁ ራሁልም መነኮሰ። የቡድሃ አባት ሱዶዳና መጀመሪያ ልጁን፣ አሁን የልጅ ልጁን ማጣቱ አንጀቱን ቆረጠው፤ ከእንግዲህ ማንም ልጅ ያለ ወላጆቹ ፈቃድ አይመንኩስ ሲል ለመነ። ቡድሃም ተቀብሎ ደነገገው። እስከ ዛሬ በስሪላንካም፣ በምያንማርም፣ በታይላንድም ለሙሉ ምንኩስና የሚቀርብ ሰው በጉባኤ ፊት ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ እናትና አባቱ ፈቅደውለት እንደሆነ ነው።