የተውኔቱ ሕሙምና የአልጋው ሕሙም

በሳዑዲ ዐረቢያ የቴሌቪዥን ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1965 ከጅዳና ከሪያድ ተጀመረ። ዛሬ በረመዳን ወር፣ የቀኑ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ በጅዳ ብዙ ቤተ ሰብ ከተከታታይ ተውኔት ፊት ይቀመጣል። በተውኔትም ቤት ጽኑ ደዌ ዘወትር የሚገባ እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው እንግዳውን እንደ ፈቀደ ያለብሰዋል፤ ሕሙሙ መልኩ ሳይጠወልግ ይታመማል፣ ባማረ ቃል ይሰናበታል፣ ያለዚያም በመጨረሻው ክፍል ድንገት ይነሣል።

ይህ ማስዋብ ጉዳት አለውን? እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን መርምሮ፣ ልባቸው ቆሞ ደረታቸውን በመጫን ከተረዱት ሕሙማን መካከል ከመቶ 67ቱ ድነው ከሆስፒታል ሲወጡ እንደሚታዩ ገለጠ። በዚያው አገር ከሆስፒታል ውጭ ልቡ ከቆመ ሰው ግን በእውነት የሚተርፈው ከመቶ 10 ያህል ነው። በተውኔት የተማረ ልጅ እንግዲህ፣ አባቱ ሳይነሣ ቢቀር፣ በሐኪሙ ወይም በራሱ ላይ ይፈርዳል።

ተውኔት ተስፋን ካልሰጠ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ተስፋ ማለት መዳን ብቻ ከሆነ፣ ለማይድነው ሰው ምን ቀረለት?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ከመካ በስተምሥራቅ፣ በዐረፋት ሜዳ ይታያል። ለሐጅ መጥተው በሆስፒታል ከተኙት ሕሙማን መካከል ጉዞውን የሚችሉት፣ ሐኪምና አስታማሚ ተከትሏቸው፣ በአምቡላንስ ወደዚያ ይወሰዳሉ፤ በቀኑ በዚያ ሜዳ ያልተገኘ ሰው ሐጁ አይፈጸምለትምና። ጉዞው ደዌያቸውን አይፈውስም፤ የሚመለሱትም ወደዚያው አልጋ ነው። ቢሆንም ከተጓዦቹ ቁጥር አልጎደሉም።

እንግዲህ የተውኔቱ ጉድለት ሞትን ወይም ፈውስን ማሳየቱ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ መዝለሉ ነው። የሕሙም ኑሮ ግን በዚያ መካከል ነው፤ አንሶላ መለወጥ፣ ውኃ በማንኪያ ማጠጣት፣ ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጦ ማንጋት። ይህን ጊዜ ማየት ያልለመደ ጠያቂ፣ ደዌው ሲረዝም የእርሱ እግር ያጥራል። ስለዚህ ለተውኔቱ ሕሙም እንባውን ያፈሰሰ ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ ራሱን ይጠይቅ፤ መጨረሻው ገና ያልታወቀውን ጎረቤት ዛሬ ማን ጠየቀው?