መጀመሪያ የግቢሽን ወፍ

ልጄ፣ የወፍ አስጎብኚ ልትሆኚ መነሳትሽን እናትሽ ነግራኛለች። የትኛውን ባይኖኩላር ልግዛ ብለሽም ልከሽብኛል። 8 በ42 የሚለውን ያዢ፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ይህ ጥያቄ በዚህ አለቀ። ሌላውን ግን ሳትጠይቂኝ ልነግርሽ ነው።

ሰው ሁሉ ብርቅዬዎቹን አጥኚ ይልሻል። እንግዶቹ ባሕር አቋርጠው የሚመጡት ለእነሱ ስለሆነ ምክሩ ትክክል ይመስላል። እኔ የምልሽ ተቃራኒውን ነው። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ሸምድዶ ሜዳ የወጣ ሰው፣ የመጀመሪያዋ ወፍ ብር ስትል ያጠናው ሁሉ አብሯት ይበራል። አንቺ በቅድሚያ ግቢሽ ውስጥ ያሉትን እወቂ፤ ድንቢጧን፣ ዋኔዋን፣ እርግቡን፣ ቁራውን፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ የሚያንዣብበውን ጭልፊት። እወቂ ስልሽ ስማቸውን ማለቴ አይደለም። ሲበሩ ክንፋቸውን እንዴት እንደሚመቱ፣ መሬት ላይ ይራመዱ ወይስ ይዝለሉ እንደሆነ፣ ሽቦ ላይ ሲቀመጡ ቀጥ ይሉ ወይስ ያጎነብሱ እንደሆነ ነው። ጎረቤትሽን ገና ከሩቅ፣ ጀርባውን ሰጥቶሽ ሲሄድ፣ በአረማመዱ ትለዪው የለ? ወፍም እንደዚያ ነው። የማታውቂያትን የምትለያት ከምታውቂያት በምን እንደተለየች ስትይዢ ነው።

ቁራን እንውሰድ። ብዙ ሰው ቁራ ቁራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ደጋ ላይ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ የምታይው ትልቁ ቁራ ምንቃሩ ወፍራምና ጉብ ያለ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ከኛና ከኤርትራ በቀር ሌላ አገር እምብዛም አይገኝም፤ ፈረንጁ እሱን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል፣ እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን። ደረቱና አንገቱ ነጭ የሆነው ሌላ ነው። ገደል አካባቢ የሚንሳፈፈው ደግሞ ጭራው በጣም ስላጠረ ሲበር ክንፍ ብቻ ይመስላል። ሙሉ ጥቁር ሆኖ ምንቃሩ ቀጠን ያለም አለ። እነዚህን በቅርጻቸው ብቻ፣ ፀሐይ ከጀርባቸው ሆና ጥቁር ጥላ በሆኑበት ሰዓት እንኳ መለየት ከቻልሽ፣ ያቤሎ ወርደሽ ግራጫ ሰውነት፣ ጥቁር ክንፍና ጭራ ያለው፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ የተገለጠ ወፍ ስታዪ ማንም ሳይነግርሽ ትደነግጫለሽ። እ.ኤ.አ. በ1938 በሳይንስ የተመዘገበው የያቤሎው ቡሽ ክሮው ነው። ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሊቃውንቱም ከቁራ ወገን ነው ወይስ ከሌላ እያሉ ብዙ ተከራክረውበታል። አንቺ ግን ክርክሩን ባትሰሚም፣ ቁራን ስለምታውቂ ብቻ እንግዳ ነገር ማየትሽን ታውቂያለሽ።

መጠንንም የምትለኪው በዚሁ ነው። «ሃያ ሳንቲሜትር ይሆናል» የሚል ሰው አትስሚ፤ በርቀት ያለ ወፍ በሳንቲሜትር አይለካም። ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከዋኔ ታንሳለች በይ። ብቻዋን ሰማይ ላይ ካለች ደግሞ ስለ መጠኗ ዝም በይ፤ አጠገቧ ሌላ ወፍ እስኪያልፍ ጠብቂ።

ቀለምን መጨረሻ ላይ አድርጊው። እንግዶችሽ መጀመሪያ የሚጮኹት ቀለም ነው፣ «ቀይ! ቀይ!» ይላሉ፤ አንቺ አትከተያቸው። ኦገር በዛርድ የሚባለውን፣ ደጋው ላይ ስልክ እንጨት ላይ የሚቀመጠውን ብታዪ፣ አንዱ ሆዱ በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፣ ሌላው ሆዱ ከሰል የመሰለ ጥቁር። ሁለቱም አንድ ወፍ ናቸው፤ አጭሩ ቀይ ጭራና ሰፊው ክንፍ ይመሰክራል። ነጩ የግብፅ ጥንብ አንሳ ልጅ ሳለ ቡናማ ነው፤ ቀጭን ምንቃሩና ሾጠጥ ያለው ጭራው ግን ከልጅነቱ አብሮት አለ። ሀዋሳና ላንጋኖ ዳር የሚርመሰመሱት ሰማያዊ ስታርሊንጎች ፀሐይ ሲመታቸው እንደ ሐር ያብረቀርቃሉ፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ጥቁር ናቸው። ጭራው ረዝሞ ዓይኑ ነጣ ያለውን፣ ጭራው አጥሮ ዓይኑ ቢጫ ከሆነው የምትለዪው እንዲህ ባለው ነገር እንጂ በላባው ሰማያዊነት አይደለም።

የመስቀል ወፍማ ሁሉም ያውቀዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ይመስላል። አይጠፋም። በየአካባቢው በዚህ ስም የሚጠሩት ባለ ደማቅ ላባ ወፎች አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው፤ ወንዶቹ ለመራቢያ ጊዜያቸው ክረምቱን ይዘው ጥቁርና ቢጫ፣ ወይም ጥቁርና ቀይ ይለብሳሉ፣ በጋው ሲገፋ ልብሱን አውልቀው ከድንቢጥ መንጋ ጋር ይደባለቃሉ። ያኔ ነው ሥራሽ። ቢጫው ቢሾፕ በጋ ላይ ቡናማ ሆኖ እንኳ ሲነሳ ከጭራው በላይ ያለው ወገቡ ቢጫ ብልጭ ይላል። ረጅም ጭራ ያለው ፒን ቴይልድ ዋይዳም ጭራውን ጥሎ ቀይ ምንቃሩን ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ጥር ላይ አንድ ቡናማ መንጋ ስታዪ «ድንቢጥ ነው» ብለሽ ፊትሽን አታዙሪ።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። አዲስ ወፍ ስታዪ እጅሽ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል፤ ያዢው። አንቺ ገጽ ስታገላብጪ ወፏ ትሄዳለች፤ ወፏ ከሄደች ደግሞ መጽሐፉ ያላየሽውን ያሳይሻል። ሥዕሉን ካየሽ በኋላ «አዎ፣ ቅንድቧ ነጭ ነበር መሰለኝ» ማለት ትጀምሪያለሽ፤ ይህን ያህል የሚያሳስት ነገር የለም። እስክትሄድ ድረስ ዓይንሽን አታንሺባት። ምንቃሯ ምን እንደምትበላ ይነግርሻል፤ ወፍራም ከሆነ ዘር ትፈለፍላለች፣ ቀጭን ከሆነ ነፍሳት ትለቅማለች፣ የተቆለመመ ከሆነ ሥጋ ትቦጭቃለች። ከዚያ ጭራዋን፣ እግሯን፣ ከዚያ ፊቷን ተመልከቺ፤ ቅንድብ አላት ወይ፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀለበት አለ ወይ፣ ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው ወይስ ነጠብጣብ። ስትነሳ ክንፏና ወገቧ ላይ የሚከፈት ነጭ ካለ ያዢው። ይህን ሁሉ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ። እንግዳው ይሰማል፣ አንቺም የተናገርሽውን አትረሺም። ከዚያ ጻፊ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን። መጽሐፉ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።

ቦታና ቀን መጻፍ የጸሐፊ ሥራ እንዳይመስልሽ። ዩጂንዮ ሩስፖሊ የሚባል የጣሊያን መስፍን ደቡቡን ሲያስስ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ቁንጮው ነጭ የሆነ አዲስ ቱራኮ ተገኘ፤ የት እንደተያዘ፣ መቼ እንደተያዘ የሚል ማስታወሻ ግን አልነበረም። ሙሉ ወፍ እጃቸው ገብቶ፣ አገሩን አያውቁም። ወፉ በሕይወት እንደገና እስኪገኝ እስከ 1940ዎቹ መጠበቅ ነበረበት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ተገጭቶ ከሞተ ወፍ ተመራማሪዎች አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ተመለሱ። ናይትጃር ከሚባሉት፣ ቀን መሬት ላይ ተኝተው ማታ ነፍሳት ከሚያድኑት ወገን ነው። ክንፉ ከሌሎቹ ጋር ተመሳክሮ በ1995 አዲስ ዝርያ ሆኖ ስሙ ወጣ፤ የት እንደወደቀም ይታወቃል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል እንዳትይኝ፤ እኔ ክንፉን እመርጣለሁ።

ቦታ ከጠበቅሽ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ሳነቴ ላይ፣ 4000 ሜትር ላይ ቆመሽ፣ የአዋሽን ቆላ ወፍ መጽሐፍ ውስጥ አትፈልጊ። ወራቱንም ያዢ፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ እንግዶች አብረውን ይከርማሉ፣ ከብት እግር ሥር ጭራቸውን እያወዛወዙ የሚሮጡት ቢጫ ዋግቴሎች እነሱ ናቸው። ሐምሌ ላይ አየሁ ካልሽ ሁለት ጊዜ አስቢ። አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ወፍ ክንፍ አላት። ያልተጠበቀ ነገር ግን ጠንከር ያለ ማስረጃ ይፈልጋል።

ጆሮሽንም አሠልጥኚ። ሣር ውስጥ የሚደበቁት ሲስቲኮላ የሚባሉት ትንንሽ ቡናማ ወፎች በመልክ እርስ በርሳቸው ይምታታሉ፤ የሚለያቸው ዜማቸውና የሚኖሩበት ሣር ነው። አዲስ አበባ ላይ ጎሕ ሲቀድ እየጮኸ የሚያልፈው ዋትልድ አይቢስም ከዓይን በፊት በጆሮ ይታወቃል፤ ሲቀርብ ክንፉ ላይ ያለው ሰፊ ነጭ ሃዳዳ ከሚባለው አይቢስ ይለየዋል። በስልክ ድምፅ አጫውቶ ወፍ መጥራት ግን አልወድም። ጎጆ ያላት ወፍ ጠላት መጣ ብላ እንቁላሏን ትታ ትነሳለች። ነገሌ አጠገብ ሊበን ሜዳ ላይ ያለችው ላርክ ደግሞ እጅግ ጥቂት ናት፤ እሷ ላይ ይህን ካደረግሽ እኔ ዘንድ አትምጪ።

እረኞቹን ጠይቂ፤ ከማናችንም በላይ ያያሉ። አጠያየቁን ግን እወቂበት። ሥዕል አውጥተሽ «ይቺ ናት?» ካልሽው እንግዳ ላለማሳፈር አዎ ይልሻል፣ ቀጣዩንም ሥዕል አዎ ይልሻል። የት ታድራለች፣ ምን ትበላለች፣ ልጆቿን መቼ ነው የምታወጣው ብለሽ ጠይቂው፤ ያኔ እውነቱን ይዘረግፍልሻል።

አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ሩቅ ሰማይ ላይ አንድ ንስር ይዞራል፣ እንግዳው ዝርዝሩን ይዞ እርሳሱን አሹሎ አፍሽን ያያል። ስቴፕ የሚባለው ንስር ይሁን ቶኒ የሚባለው አልለየሽም። እንዲያው የሚያስደስተውን ስም አትስጪው። «ንስር ነው፣ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም» በይና ደብተርሽ ላይም እንደዚያው ጻፊ። የሚቀየም ካለ ይቀየም፤ ጉርሻው ቢቀንስም ዝርዝርሽ ንጹሕ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ያለውን በአፍ አልነግርሽም። እሑድ ሱሉልታ ሜዳ እንውጣ፤ ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ ጥቁር ማተብ ያሰረው ሎንግክሎ እዚያ አለ፣ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምናየው፤ ጠዋቱን በእርግቦች እንጀምራለን። በብዕር አትምጪ፣ እርሳስ ያዢ፤ ዝናብ ቀለሙን ያጥበዋል። ያንን ቀይ ጃኬትሽንም ቤት ተይው።