«ኖ ፕሮብለም»

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሥራ በፊት አሞራ ገደል ጎራ እላለሁ። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ጭነው ሲገቡ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ ሲጠብቁ፣ እኔ የዓሣ ሾርባዬን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛ እለማመዳለሁ። ሰዋስው አይደለም፤ እሱን ትምህርት ቤት ጠግበነዋል። የምለማመደው የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፦ «ሳውንድስ ጉድ»፣ «ሹር»፣ «ኖ ፕሮብለም»። ሃያ ሠላሳ ጊዜ፣ አፌ ሳያስብ እስኪለው ድረስ።

ዘዴው ይሠራል። ችግሩም እሱው ነው።

ሶፍትዌር የምንሠራለት ደንበኛ ውጭ አገር ነው ያለው። አንድ ማክሰኞ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ትልቅ ለውጥ እስከ ዓርብ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀ። እንደማይደርስ አውቅ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ፦ «ኖ ፕሮብለም»። እንዲያውም አነጋገሬ ስለጠራልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራው ዓርብ አላለቀም። ቅዳሜን ከባልደረባዬ ጋር ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን ዋልን፤ የእህቷን ሠርግ በስልክ ቪዲዮ አየች። አልጮኸችብኝም። «አንተ እኮ ነህ ይቻላል ያልከው» ብቻ አለችኝ።

ለመሆኑ ያን ቃል የተናገረው ማነው? «ሳላስበው ነው» ማለት ይቀናኛል፤ እውነትም ነው። ግን የጻፍኩት ፕሮግራም ሌሊት ቢበላሽ «እኔ ተኝቼ ነበር» ብዬ አላመልጥም። ሳላስብ እንድናገረው አስቤ ያሠለጠንኩት አፍ የኔ ነው። ሰው ለቃሉ ብቻ ሳይሆን ለልምምዱም ተጠያቂ ይመስለኛል።

በአማርኛም ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መልስ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። «እንዴት ነህ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት ማንም አያስብም። ግን የኛ ሰላምታ አንዴ ጠይቆ አያቆምም፦ «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? እውነት ደህና ናችሁ?» ሦስተኛው ላይ ድምፅ ዝቅ ይልና «ኧረ እናቴን ትንሽ አሟታል» ይመጣል። ድግግሞሹ ለእውነት በር ይከፍታል። እኔ በእንግሊዝኛ የለመድኩት የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው፤ በሩን አልተማርኩም።

ይሄ የኔ ብቻ ጉድ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተማረ ሰው የውጭ ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ሲል፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። ታዲያ በነዚያ ሁሉ ዓመታት በየቀኑ በጋራ የተለማመድነው የትኛውን ቃል ነው? «ኢዝ ኢት ክሊር?» «የስ፣ ቲቸር!» ያልገባው ልጅ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። «አልገባኝም» የሚለውን ማንም አላለማመደንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው አሞራ ገደል፣ ጎብኚዎች ጉማሬ ለማየት ጀልባ ጠየቁ። ነፋስ ተነስቶ ነበር። ሽማግሌው ጀልበኛ ሐይቁን እያሳዩ «ኖ ጎ። ዊንድ። ቱሞሮ» አሏቸው። ገንዘብ ሲጨምሩላቸውም «ኖ መኒ። ዊንድ» አሉ። ሰዎቹ ሐይቁን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?» አልኳቸው። «የምን እንግሊዝኛ ነው፤ ነፋሱን ነው ያሳየኋቸው» አሉኝ። የዕለት ገቢያቸውን ትተው፣ በተሰባበረ ቋንቋ ሙሉ እውነት ተናገሩ። የኔ ሰዋስው ግን አንድም ስህተት አልነበረበትም።

አሁንም ሾርባዬን ይዤ እለማመዳለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹን ግን ቀይሬያለሁ፦ «አይ ዲድንት አንደርስታንድ»፣ «ባይ ፍራይደይ? ኖ»፣ «ሌት ሚ ቼክ ፈርስት»። እነዚህም ሲደጋገሙ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢያንስ የመጨረሻው ግን ለማሰብ ጊዜ ይሰጠኛል።

ባለፈው ደንበኛው እንደገና ቀን ሲጠይቀኝ እሷን አልኩት። ስብሰባው ላይ ዝምታ ሆነ፤ አላበኝ። ከዚያ «ኦኬ» አለ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ የጠየቅኩት ባልደረባዬን ነው፦ «ቅዳሜ ምን አለሽ?»