ወቀሳን በዜማ ስለ መስማት

ሰው ጥፋቱን ፊት ለፊት ሲነግሩት ይቈጣል፤ ያንኑ ጥፋት በዜማ አድርገው ሲያሰሙት ግን ደስ ብሎት ያጨበጭባል። ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ33ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ እየመጣ በፊቱ እንደሚቀመጥ፥ ቃሉንም እንደ ጥሩ ዘፋኝ ድምፅ በደስታ ሰምቶ ምንም ሳይሠራበት ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ይናገራል። እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ወቀሳን በደስታ የሰማ ሰው ወቀሳውን ተቀበለ ይባላልን? ወይስ ደስታው ራሱ ከወቀሳው ማምለጫ ይሆንለታል?

ከጣና በስተምሥራቅ፥ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ስሟ የተጠራ የገበያ ከተማ ነበረች፤ አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ይሰበሰቡባት ነበር። ገበያ ባለበት ደግሞ አዝማሪ አይጠፋም። አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መዘምርና መዝሙርም ከዚያው ግሥ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱ በቤተ መቅደስ ሲከበር ሌላው በጠጅ ቤት ሲናቅ ኖረ። (ዘፈን የተባለ ሁሉ ይቅር የሚሉ አባቶች አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል ባይሆንም የዛሬው ጉዳይ አይደለም።) አዝማሪው መሲንቆውን እየገዘገዘ ሲያዜም ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይለውና ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሰሙ ለጨዋታ፥ ወርቁ ለወቀሳ ይሆናል። ሹም ቢጠይቅ ግጥም ሰጪው «ያዜመው እርሱ ነው» ይላል፤ አዝማሪውም «የተቀበልሁትን አልሁ» ይላል። ስለዚህ እውነቱ በሰው ሁሉ ፊት ይነገርና የሚጠየቅበት ሰው ይታጣል። በጽኑ አገዛዝ ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ ጋሻ ሆኖታል። ነገር ግን ጋሻው ተናጋሪውን ከሹም ቍጣ ሲያድነው ሰሚውንም ከወርቁ ያድነዋል፤ በዚያ የተቀመጠው ሁሉ ግጥሙ ለጎረቤቱ የተባለ መስሎት ይሥቃልና። «ተቀበል» የሚባለው አዝማሪው ብቻ ነው፤ ሰሚውን «ተቀበል» የሚለው የለም።

ይህ የጥንት ልማድ በካሴት ዘመን በአገሩ ሁሉ ታየ። በ1997 ዓ.ም. ሕዝብ ቴዲ አፍሮ የሚለው ቴዎድሮስ ካሣሁን «ያስተሰርያል» የተባለውን አልበሙን አወጣ። ጊዜው የግንቦት 7 ምርጫ የተደረገበት ነበረ። ለአልበሙ ስም የሰጠው ዘፈን ያለፈውን ንጉሠ ነገሥት እያስታወሰ፥ ገዥ ቢለዋወጥ ለውጥ እንዳልመጣ እየወቀሰ፥ ወደ ፍቅርና ወደ ይቅርታ የሚጠራ ነው። በመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን እንዳይሰማ ቢደረግም በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር።

ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። ማስተሥረይ ማለት ኀጢአትን ይቅር ማሰኘት ነው። ሥርየትም ያለ ንስሓ አይገኝም፤ ንስሓ ደግሞ «እኔ በደልሁ» ማለት ነው እንጂ «እነርሱ በደሉ» ማለት አይደለም። ከሰሚው ብዙው ግን ዘፈኑን የሰማው በሁለተኛው መንገድ ነው። መንግሥትን የተቃወመው ለቤተ መንግሥቱ የተላከ መልእክት አደረገው፤ የመንግሥት ወገን የሆነውም የተቃዋሚ ዘፈን አለው። በሁለቱ መካከል ይቅርታው ተቀባይ አጣ። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤም 193 ሲቪሎች መሞታቸውን ቈጠረ። ለዚያ ደም የሚጠየቀው የተኰሰውና ያስተኰሰው ነው እንጂ ዘፋኙ ወይም ሰሚው አይደለም። ቢሆንም ስለ ሥርየት የሚያዜም ካሴት በየቤቱ በነበረበት በዚያ ዘመን ሥርየት ከዜማ አልፎ ወደ ሰው ልብ አለመግባቱ ያሳዝናል።

በዚያው ዓመት ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ ሌላ መከራ ነበረ። ትኵሳቱ የማይለቅ፥ ጣፊያን የሚያሳብጥ፥ ሰውነትን የሚያመነምን ሕመም ሰው ይገድል ነበር። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ቢሰጥ አልመለስ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሲመረመር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበርም በአዲስ ዘመን ሕክምና ከፈተ። በሽታው በቆላ እንጂ በዚያ አገር የታወቀ አልነበረም፤ ለቀን ሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር እንደ መጣ ሊቃውንቱ ገመቱ። እንግዲህ ካሴቱን ከፍቶ ስለ ዙፋን የሚከራከረው ሰው የእጁ ገንዘብ አጥሮት ሰሊጥ ሊያርም ቆላ ስለ ወረደው ጎረቤቱ ጠይቆ ያውቅ ይሆን? ወደ ላይ የሚወረወር ወቀሳ ሰሚውን ምንም አያስከፍለውም፤ ስለ ጎረቤት የሚነገረው ግን አንድ ቀን ሥራ አስፈትቶ ሕመምተኛ ያሸክመዋል።

ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት የባለጠጋውንና የድኻውን በግ ነገር ሲያወራ ዳዊት በባለጠጋው ላይ እጅግ ተቈጣ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዳዊት በቅን ፈራጅነቱ ደስ ብሎት ያድር ነበር። ናታን ግን ሰሙን ገፎ ሰውዬው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነገረው።

እንግዲያስ ወቀሳ ያዘለ ዘፈን ሁሉ ከንቱ ነውን? እንዲህ ማለት ሐሰት ይሆናል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና በየአገሩ እየዞሩ የሚተርኩ፥ የሚያዜሙ ሰዎችን እያስያዘ አስገደለ፤ ከንቱ ነገርን እንዲህ የሚፈራ የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ፒንክ ፍሎይድ የተባሉት እንግሊዛውያን የሮክ ሙዚቀኞች «ግንቡ» የሚል አልበም አውጥተው ነበር። በውስጡ የሎንዶን ተማሪዎች የሚያዜሙበት፥ ልጆችን የሚያዋርዱ መምህራንን የሚወቅስ ዘፈን አለ። በደቡብ አፍሪካ በዘር የተከፋፈለውን ትምህርት የተቃወሙ ተማሪዎች ስለ ዘፈኑት መንግሥታቸው በ1980 ከለከለው። እነዚያ ልጆች ዜማውን ይዘው ከትምህርት ቤት ወጡ እንጂ በዜማው ተጽናንተው አልተቀመጡም።

የዚህ አልበም አነሣሥ ግን ይበልጥ ያስተምራል። ደራሲው ሮጀር ዋተርስ በ1977 በሞንትሪያል ሲጫወት ተናድዶ በአንድ አድማጭ ላይ ምራቁን ተፋ፤ በራሱ ሥራ ደንግጦ በእርሱና በሰው መካከል ስለ ቆመው ግንብ ማሰብ እንደ ጀመረ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ሥራው መምህራንንና ጦርነትን ቢወቅስም በመጨረሻው በሚቆመው ችሎት ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው ግንቡን የገነባው ዘፋኝ ነው፤ ፍርዱም ግንቡ ይፍረስ የሚል ነው። መምህራንን የሚወቅሰው ዘፈን በዓለም ሁሉ ተዘፈነ፤ ችሎቱን ግን ከአልበሙ ወዳጆች በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።